መሣሪያውም ይጠየቅ

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ከሳይንስ ወንድሞቻችን ጋር ስንከራከር ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ «ቁጥር አይዋሽም» የሚል ነው። ቁጥርስ አይዋሽ ይሆናል፤ ዳሩ ግን ብቻውን አይናገርም፤ የሚያናግረው ሰው አለ። ለዚህም የመኪናን ፍጥነት በብርሃን የሚለካውን የሌዘር መሣሪያ ምሳሌ አድርጌ አቀርባለሁ።

ፖሊሱ ከመንገድ ዳር ቆሞ መሣሪያውን ሲያነጣጥር፥ ዓይን የማያየው ብርሃን እየተቆራረጠ ይወጣና መኪናውን ነክቶ ይመለሳል። ብርሃን በአንድ ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፥ 150 ሜትር ርቆ ካለ መኪና ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት የሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው። መሣሪያው ይህን ጊዜ ወደ ርቀት ይለውጣል፤ ርቀቱም በየቅጽበቱ ምን ያህል እንዳጠረ አይቶ ፍጥነቱን ያወጣል። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በ0.3 ሴኮንድ 6 ሜትር ይቀርባል።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ፖሊሱ ከጎን ሆኖ በሰያፍ ቢለካ ቁጥሩ ከእውነተኛው ፍጥነት ያንሳል፤ በ10 ዲግሪ ቢያዘነብል 72 የነበረው 71 ያህል ይሆናል። ይህ ስሕተት ለነጂው ያደላል። ነገር ግን እጁ ተንቀሳቅሶ ብርሃኑ ከፊት መስተዋቱ ወደ ታርጋው ቢንሸራተትና፥ ከመኪናው ጉዞ ሌላ ርቀቱ በዚያው 0.3 ሴኮንድ 1.5 ሜትር ቢያጥር፥ መኪናው ያልሮጠው 18 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይጨመርበታል። ደኅና መሣሪያዎች የተዛባውን ልኬት መርምረው የሚጥሉበት ዘዴ አላቸው፤ ቢሆንም የሚታመኑት በየጊዜው ሲፈተሹና ያዢያቸው ሲሠለጥን ነው።

«ይህን ሁሉ የምትለው ፈጣኑን ነጂ ለማስመለጥ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። በመንገድ የሚያልቀው ወገናችን ነውና ያጠፋ ይቀጣ። ነገር ግን አባቶቻችን በችሎት ቆመው «ተጠየቅ» ሲባባሉ ያስተማሩን ነገር ቢኖር፥ የከሰሰም የመሰከረም መጠየቅ እንዳለበት ነው። መሣሪያውም ምስክር ነው። መቼ ተፈተሸ? ማን ያዘው? ከየት ቆሞ ለካ? ይህን ለመጠየቅ ፊዚክስ መማር አያሻም። መልሱ በክሱ ወረቀት ላይ አብሮ ይጻፍ፤ ያን ጊዜ ጥፋተኛው የሚያመካኘው አጥቶ ይከፍላል፤ ንጹሑም በነጻ ይሄዳል።