አይሱዙ ላይ የማይጫን ዕቃ



ባለፈው ሳምንት አንዲት እህት ደወለችልኝ። «የካ አባዶ ቤታችን ልንገባ ነው፤ ቅዳሜ ዕቃ እንጭናለን፤ ጸልይልን» አለችኝ። እጅግ ደስ አለኝ። «ዝግጅቱ እንዴት ነው?» አልኳት። ሁሉም አልቋል። ካርቶኑ ታስሯል፣ አይሱዙው ተነጋግሯል፣ ቆጣሪው ገብቷል፣ መጋረጃው ተሰፍቷል። «ከአጥቢያችሁስ መሸኛ ወሰዳችሁ?» ስላት ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «እሱን ከገባን በኋላ እናየዋለን» አለችኝ።

ይህን መልስ አውቀዋለሁ። ከዓመታት በፊት እኔም ቃል በቃል ይህንኑ ብዬ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ስለ ቤት መቀየር ልጽፍላችሁ ወድጃለሁ። አሳቤ አንድ ነው፦ እኛ አማኞች ቤት ስንቀይር የዝግጅታችን ቅደም ተከተል ተገልብጧል።

ካርቶን ቁጥር 17

እኛ ሾላ አካባቢ በኪራይ ቤት ነበርን። በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዘገብን፤ በ2005 ዓ.ም. እንደገና መመዝገብ ሲመጣም ተሰልፈን ተመዘገብን። በ20/80 ያለፋችሁ ታውቁታላችሁ፤ በየወሩ ከአስቤዛው ቀንሶ መቆጠብ፣ ዕጣ ሲወጣ ስምን በጋዜጣ ላይ በጣት እየተከተሉ መፈለግ፣ ካልወጣም በሚቀጥለው ዙር ተስፋ ማድረግ። የእኛ ስም የካ አባዶ ላይ ወጣ፤ አራተኛ ፎቅ። ቤቱ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ያልተጨረሰ ሆኖ ነበር የተረከብነው፤ ሴራሚኩንና የውስጥ በሩን እየተበደርን ጨረስን።

እኔ ሥርዓት ወዳድ ነኝ። ደብተር ገዝቼ ሁሉን ጻፍኩ። አልጋው የደረጃው መታጠፊያ ላይ ይዞር እንደሆነ በሜትር ለካሁ። ካርቶኖቹን ከ1 እስከ 23 ቁጥር ሰጠኋቸው፤ በየላያቸውም «ወጥ ቤት»፣ «መኝታ»፣ «የልጆች» ብዬ ጻፍኩ። ቁጥር 17 ላይ የጻፍኩት «መጻሕፍት፤ የማይቸኩል» የሚል ነበር። መላው ቤተሰብ ማታ ማታ የሚያነበው ትልቁ መጽሐፍ ቅዱስ እዚያ ውስጥ ነበር።

ካርቶን ቁጥር 17 ስምንት ወር ሳይፈታ በረንዳ ላይ ተቀመጠ።

መጀመሪያ ምክንያት ነበረን። ውኃው በፈረቃ ይመጣል፤ ሲመጣ ጀሪካን ይሞላል። ጠዋት መገናኛ ለመድረስ ገና ሳይነጋ ሰልፍ መያዝ ነው፤ ማታ ስንመለስ ደክመናል። እሑድ ወደ ድሮ አጥቢያችን ለመሄድ ሁለት ታክሲ፣ ከልጆች ጋር ደርሶ መልስ ደግሞ ቀላል ገንዘብ አይደለም። አንድ እሑድ ቀረን፤ ከዚያ ሁለት፤ ከዚያ መቁጠር አቆምን። የድሮው አጥቢያ «አቅራቢያቸው ገብተው ይሆናል» ብሎ አሰበ። አቅራቢያችን ያለው አጥቢያ መኖራችንንም አያውቅም። በሁለት በረት መካከል የቀረን በጎች ሆንን፤ የሚፈልገን እረኛም አልነበረም፤ ምክንያቱም የጠፋን መሆናችንን የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ቀን ትንሿ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ «አባዬ፣ እኛ አሁን የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነን?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ያን ማታ ካርቶን ቁጥር 17ን ፈታሁ።

ሠረገላ ያልተሰጣቸው ልጆች

እግዚአብሔር የቤት ለውጥን ሥርዓት የሚያውቅ አምላክ ነው። ዘኍልቁ ምዕራፍ 4ን አንብቡ። ሕዝቡ ከሰፈር ሲነሣ የማደሪያውን ድንኳን ማን ምን እንደሚሸከም በዝርዝር ተጽፏል። የጌድሶን ልጆች መጋረጃውንና መሸፈኛውን፣ የሜራሪ ልጆች ሳንቃውን፣ ምሰሶውንና እግሩን፣ የቀዓት ልጆች ንዋየ ቅድሳቱን። ለሜራሪ ልጆች የሚሸከሙት ዕቃ በስም በስሙ እንዲቆጠር ታዟል። ስለዚህ ዝርዝር መጻፍና ካርቶን ላይ ቁጥር ማድረግ ዓለማዊ ነገር ነው የሚለኝ ካለ አልስማማም። ዝርክርክነት የእምነት ምልክት አይደለም። «ጌታ ያውቃል» እያልን የልጆቹን የክትባት ካርድ የት እንዳስቀመጥን ካላወቅን፣ ያ ስንፍና ነው።

ነገር ግን ምዕራፍ 7ን ጨምራችሁ አንብቡ። አለቆቹ ሠረገላና በሬ ሲያመጡ ሙሴ እንደ ሥራቸው አከፋፈላቸው። ለጌድሶን ልጆች ሁለት ሠረገላና አራት በሬ፤ ለሜራሪ ልጆች አራት ሠረገላና ስምንት በሬ። ለቀዓት ልጆች ግን አንድም አልሰጣቸውም። የእነርሱ ሸክም የተቀደሰው ዕቃ ስለ ሆነ በትከሻ ነበረ የሚሸከሙት።

እኔን የወቀሰኝ ይህ ክፍል ነው። አይሱዙ ላይ የሚጫን ዕቃ አለ፤ አይሱዙ ላይ የማይጫን፣ በትከሻ የምንሸከመው ደግሞ አለ። የቤተሰቡ ጸሎት፣ የቅዱሳን ኅብረት፣ ከጎረቤት ጋር ያለን ሰላም በሠረገላ አይሄዱም። የመጀመሪያዎቹን በዝርዝር ጽፌ፣ ሁለተኛዎቹን «የማይቸኩል» ብዬ በረንዳ ላይ ጣልኳቸው።

ልብ በሉ፤ ወረዳው መሸኛ ካላመጣችሁ አይመዘግባችሁም። ትምህርት ቤቱ የልጁን መልቀቂያ ካላያችሁ አይቀበልም። ስለዚህ እነዚህን አንረሳም። የአጥቢያ መሸኛ ግን ማንም በር ላይ ቆሞ አይጠይቀንም። የማይጠየቅ ነገር ከዝርዝሩ መጨረሻ ይወድቃል። የእኔ ክርክር ይህ ነው፦ ማንም ስለማይጠይቀን ነው መጀመሪያ ልንጽፈው የሚገባን።

እንደገና ብቀይር እንዲህ አደርግ ነበር

ከመጫኑ አንድ ወር በፊት ሽማግሌዎችን ወይም መጋቢውን አነጋግር ነበር። «ወዴት እንሂድ?» ብዬ እጠይቅ ነበር። የምትገቡበት አካባቢ ያለውን አጥቢያ ያውቃሉ፤ ካላወቁም ያጠያይቃሉ። የአባልነት መሸኛ ደብዳቤው ከቤቱ ውልና ከባንክ ደብተሩ ጋር በአንድ ቦርሳ ይሁን። ያ ቦርሳ አይሱዙ ላይ አይወጣም፤ በእጅ ይያዛል።

ሁለት ሳምንት ሲቀር ከሰው ጋር ያለውን ሒሳብ እዘጋ ነበር። ከባለሱቁ ዱቤ አለብን? ከጎረቤት የተዋስነው መጥረቢያ ወይም የእንጀራ ምጣድ አለ? ዕድሩስ ምን ይሆናል? ከዕድር እንወጣለን ወይስ ከሩቅ ሆነን እንቀጥላለን? ለዳኛው ተነግሮ ይታወቅ። የተቀያየምነው ሰው ካለ ደግሞ ይቅርታ እንጠይቅ። የተጣላነውን ጎረቤት ትተን በመሄድ ጠቡ አይቀርም፤ አብሮን አራተኛ ፎቅ ይወጣል። ያዕቆብ ወደ ቤቴል ሊወጣ ሲል ቤተሰቡ በመካከላቸው ያሉትን እንግዶች አማልክት እንዲያስወግዱ አዘዘ፤ ከአድባሩም ዛፍ በታች ቀበራቸው (ዘፍጥረት 35)። መንገድ ከመጀመራችን በፊት ልንቀብረው የሚገባን ነገር አለ።

ለመጫኛው ቀን የጫኝና አውራጆችን ነገር አስቀድሜ እጨርስ ነበር። ኮንዶሚኒየም የገባ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ መኪናው እንደ ቆመ ወጣቶቹ ይከባሉ፣ ዋጋ ይጠራሉ፣ ጭቅጭቅ ይነሣል። እኔም በገባሁ ቀን ጮኬባቸዋለሁ፤ አዲሶቹ ጎረቤቶቼ መጀመሪያ የሰሙት ድምፅ ያ ነበር። ዋጋውን ዕቃው ሳይደርስ ቀድማችሁ ሄዳችሁ ተነጋገሩ፤ የተስማማችሁትን ክፈሉ፤ ሲጨርሱም ውኃና ዳቦ ስጧቸው። የሠራተኛ ደመወዝ ጉዳይ ነው። ነገ በዚያው በር የምታልፉ፣ ስለ ክርስቶስም የምትመሰክሩ እናንተ ናችሁ።

መጨረሻ የሚጫነውና መጀመሪያ የሚፈታው አንድ ካርቶን ይኑር። በውስጡ ሻማ፣ ክብሪት፣ የቡና ዕቃ፣ ለልጆቹ የሚለበስ፣ እና መጽሐፍ ቅዱሱ ይሁን። በመጀመሪያው ማታ አልጋው ባይገጠምም፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጣችሁ አንድ ምዕራፍ አንብቡ፣ ጸልዩ። አብርሃም በቤቴልና በጋይ መካከል ድንኳኑን በተከለበት ቦታ መሠዊያ ሠራ (ዘፍጥረት 12)። ቤት እስኪያምር አልጠበቀም።

ከገባችሁ በኋላ ባለው አንድ ወር ውስጥ ቢያንስ በግራና በቀኝ፣ በላይና በታች ያሉትን ጎረቤቶች ስም ዕወቁ። ኮንዶሚኒየም ግድግዳው የጋራ ነው። ሌሊት ስንጸልይ ድምፃችን የሚያድርበት ቤት ውስጥ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ የታመመም፣ ሕፃን ያስተኛም አለ። ጌታ ሹክሹክታንም ይሰማል። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የሕንፃው ባለቤቶች ማኅበር ይኖራቸዋል፤ ስብሰባው ላይ ተገኙ፣ ለደረጃው መብራትና ለጽዳቱ አዋጡ። ኤርምያስ በባቢሎን ለነበሩት ምርኮኞች በላከው ደብዳቤ ቤት ሥሩ፣ ተቀመጡ፣ ለምትኖሩባት ከተማም ሰላምን ፈልጉ ሲል ይህንም ይጨምራል (ኤርምያስ 29)። የቤት ምረቃ ፕሮግራም ስታዘጋጁ ደግሞ ከድሮው ሰፈር የሚመጡትን ወገኖች ብቻ አትጥሩ፤ ከፊት ለፊት በር ያሉትንም ጥሩ።

«እኔ ግን…» ለሚሉ

አንዳንዱ «የድሮ አጥቢያዬን አልተውም፤ ጌታን ያገኘሁት እዚያ ነው» ይላል። መልካም ነው፤ አልቃወምም። መንገዱን ችሎ በየእሑዱ የሚሄድ፣ በሳምንቱ መካከልም የሚያገለግል ከሆነ ይቀጥል። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ በእርግጥ እየሄድክ ነው? ባቡሩ አያት ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን መንገድ የምናውቀው እኛ ነን። በዓመት አራት ጊዜ የሚሄዱበት አጥቢያ ትዝታ እንጂ ኅብረት አይደለም። ለራሳችሁ ሦስት ወር ስጡ፤ ከዚያ ወስኑ፣ የወሰናችሁትንም ለሽማግሌዎች አሳውቁ።

ሌላው «ስብከት በቴሌቪዥን እሰማለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ አይደለም» ይላል። እውነት ነው፣ ሕንፃ አይደለም፤ ሰው ነው። ቴሌቪዥኑ ግን ስትታመም ሾርባ ይዞ አራተኛ ፎቅ አይወጣም።

ሦስተኛው ክርክር ይከብዳል። «ለመዘጋጀት ጊዜ የነበረህ ደስ ይበልህ» የሚለኝ ወገን አለ። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ፣ በ2017 መጀመሪያ ከካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ምክንያት የተነሡ ወገኖቻችን በየአቅጣጫው ሲበተኑ አይተናል። አንድ ወር አስቀድሞ የሚል ዝርዝር ለእነርሱ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ለእነርሱ የምለው ይህን ብቻ ነው፦ አንድ ነገር ብቻ ለማድረግ ጊዜ ካላችሁ፣ የአንድ ሽማግሌ ስልክ ያዙ፣ የምትሄዱበትንም ንገሩት። እስራኤልም ከግብፅ የወጡት በችኮላ፣ ሊጡ ሳይቦካ ነው፤ ያን ሌሊት እንኳ ሙሴ የዮሴፍን አጥንት ሳይረሳ ይዞ ወጣ።

ለሽማግሌዎችና ለመጋቢዎች

ጥፋቱ ሁሉ የተጓዡ አይደለም። አባል ሲቀየር «ጌታ ይባርካችሁ» ብለን ጸልየን ከመዝገብ ላይ ማንሣት ብቻ ሽኝት አይደለም። ወዴት እንደሄዱ ይጻፍ። ለሚቀበላቸው አጥቢያ ስልክ ይደወል። በሦስተኛው ወር «ገባችሁ?» ተብሎ ይጠየቅ። የእኛን ቤት ስምንት ወር ሙሉ ማንም አልጠየቀም፤ እኔም ለማንም አልነገርኩም። ሁለታችንም በደለኞች ነን።

ተቀባይ አጥቢያዎችም፣ አይሱዙ ባያችሁ ቁጥር ሁለት ወጣት ላኩ። ስብከት አያስፈልግም፤ አልጋውን ደረጃው ላይ ያግዙ። እኛ በመጨረሻ ኅብረት ያገኘነው ከታች ፎቅ የሚኖር አንድ ወንድም ጀሪካን ሊያግዘኝ ሲወጣ፣ የተፈታውን ካርቶንና መጽሐፍ ቅዱሱን አይቶ «ረቡዕ ማታ እኛ ቤት እንጸልያለን፤ ኑ» ስላለን ነው።

አንተ ጌታን ገና እየፈለግህ ያለህ ወዳጄ፣ ምናልባት ይህን የምታነበው አዲስ ቤት ውስጥ፣ ማንንም በማታውቅበት ሕንፃ ላይ ሆነህ ይሆናል። ቤት ከዓመታት ጥበቃ በኋላ ተገኝቶም ልብ ባዶ እንደሚሆን እኛ አይተነዋል። ኢየሱስ ራሱን የሚያስጠጋበት የሌለው ሆኖ በመካከላችን ተመላለሰ፤ እንግዳ መሆንን ያውቃል። ረቡዕ ማታ ከአንዱ በር ዝማሬ ብትሰማ አንኳኳ።

ለዚያች እህት መልሼ ደወልኩላት። ቅዳሜ መጫኑን አላስቀረችም፤ ዓርብ ግን ከባለቤቷ ጋር ወደ አጥቢያቸው ቢሮ ሄዱ። ደብዳቤው ከቤቱ ውል ጋር በቦርሳዋ ውስጥ ነው።

ጌታ ሆይ፣ ከሰፈር ወደ ሰፈር ስንሻገር አንተ ቀድመህ ሂድ። የተሸከምነውን ቅዱስ ነገር በመንገድ እንዳንጥል እርዳን። ቤታችንን ለጎረቤቶቻችን የሰላም በር አድርገው። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።