የአብራሪ ሁለተኛ ሙያ

በየዓመቱ፥ ዕድሜው ከ60 ሲያልፍ ደግሞ በየስድስት ወሩ፥ የመንገደኞች አውሮፕላን አብራሪ ልብሱን አውልቆ በሐኪም አልጋ ላይ ይጋደማል፤ የልቡን ምት የሚመዘግቡት ገመዶች በደረቱ ላይ ይለጠፋሉ፥ ዓይኑና ጆሮው ይፈተናሉ፤ በሺሕ የሚቆጠር ሰዓት የበረረ፥ አራቱን የመዓርግ መስመር በትከሻው የደረበ ካፒቴን ቢሆን እንኳ፥ የልቡ ምት መዛባቱ ከታወቀ ፈቃዱ ታግዶ፥ ዕውቀቱና ልምዱ ምሉዕ ሆኖ ሳለ ከመሪው ሊለይ ይችላል። ከዚህ ሁሉ በፈጣሪ ቸርነት ቢያመልጥም፥ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በጸናው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት፥ 65 ዓመት ሲሞላው ከዓለም አቀፍ የንግድ በረራ ይሰናበታል።

ስለዚህ አብራሪ ሁለተኛ ሙያ ይያዝ ቢባል የሚከራከር የለም፤ የእኔ ክርክር በምርጫው ላይ ነው። ትምህርቱን ለመቀጠል የሚያስብ ወጣት አብራሪ፥ ቋንቋውን ስለ ለመደው፥ ብዙ ጊዜ ፊቱን ወደ አቪዬሽን አስተዳደር ያዞራል፤ ይህም በአየር መንገዱ ውስጥ ሹመት ለሚመኝ ሰው መልካም ሲሆን፥ ለክፉ ቀን መጠጊያ ለሚሻ ግን አይበጅም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና የዓለምን ሰማይ ባራቆተ ጊዜ፥ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመንገደኞች አውሮፕላኖቹ ጭነት እየጫነ ያን ዘመን ሲሻገር፥ በሌላው ዓለም ግን ከአብራሪው ጋር የቢሮው ሹምም አብሮ ከሥራ ወጥቷልና፥ ሁለቱን ሙያ ከአንድ ግንድ የቀጠፈ ሰው ከሁለት ያጣ ሆኖ ቀረ።

ጥር 7 ቀን 2001 ዓ.ም. ወፎች ሞተሮቹን ያጠፉበትን አውሮፕላን በኒውዮርክ ሀድሰን ወንዝ ላይ አሳርፎ 155 ነፍሳትን ያተረፈው ካፒቴን ቼስሊ ሰለንበርገር፥ በሥነ ልቡናና በሕዝብ አስተዳደር የተማረ ሰው ነበር፤ እርሱም በዚያው ሰሞን በአገሩ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ፥ ደመወዙ በ40 ከመቶ እንደ ተቀነሰበትና ጡረታው እንደ ተቋረጠበት መስክሯል። እንዲህ ያለው ሊቀ አብራሪ ከበረራው ጎን የማማከር ሥራ ይዞ ከነበረ፥ ጀማሪው ምን ተማምኖ ይቀመጣል?

እንግዲህ ምርጫው፥ አውሮፕላን ሁሉ መሬት ላይ ቢቆም እንኳ ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚፈልገው ትምህርት ይሁን፤ ሒሳብ አያያዝ፥ ሕግ፥ የሕዝብ ጤና፥ መምህርነት። ምህንድስና ተምሮ ወደ በረራ የገባ ወጣት ደግሞ አዲስ ነገር ከመፈለጉ በፊት ዲግሪውን ከመሳቢያ አውጥቶ ያድሰው፤ ይህን ሀብት ትቶ ከሀ የሚጀምር ሰው ያሳዝነኛል።

በአንድ ነገር ግን አልደራደርም፤ ሌሊት በርሮ በደረሰበት ሆቴል መጋረጃውን ዘግቶ በቀን የሚተኛው አብራሪ፥ ያ እንቅልፉ የመንገደኞቹ ገንዘብ ስለ ሆነ፥ ለፈተና ጥናት ሊቆርሰው አይገባም። ትምህርቱ በሁለት ዓመት ፈንታ አምስት ዓመት ይፍጅ፤ አዲስ ዓይነት አውሮፕላን በሚማርበት ወራትና ለካፒቴንነት በሚዘጋጅበት ጊዜም ጨርሶ ይቋረጥ።