ዶሮም ያብዳል እንዴ?

ርዕሰ አንቀጽ



ባለፈው ሰሞን ከመስኖው ቦይ ወደ ሰፈራችን በሚያስገባው መንገድ ላይ አንድ ውሻ አረፋ እየደፈቀ፣ የኋላ እግሩን እየጎተተ፣ መላ አካላቱ እየተንቀጠቀጠ ታየ። «አብዷል!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ወጣቱ ዱላና ድንጋይ ይዞ ወጣ፤ ውሻውም እዚያው ቀረ። ጉዳዩ በዚህ ያበቃ መስሎን ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ከዚያው መንገድ ዳር ሦስት ዶሮዎች ሞተው ተገኙ። ታዲያ ዶሮም ያብዳል እንዴ?

የማኅበራችን የጽዳት ኮሚቴ አባላት ቦታው ድረስ ሄደው ተመለከቱ። ከቦዩ ዳር ባለች አነስተኛ ጉድጓድ ውስጥ ወተት የመሰለ ውሃ ተጠራቅሟል፤ በዙሪያዋም የጸረ ተባይ መድኃኒት ባዶ ጠርሙሶች ተበትነዋል። አንድ ሰው ሽንኩርቱን ወይም ቲማቲሙን ረጭቶ ሲጨርስ ፓምፑን እዚያው አለቅልቆ እንደሄደ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ውሃው በላቦራቶሪ አልተመረመረምና በማንም ላይ አንፈርድም። ነገር ግን ጉድጓዷ የምትገኘው ልጆቻችን በየቀኑ ፍየል በሚነዱበት መንገድ ላይ መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል።

ከዚያ ወዲህ «ውሾቹ በመርዝ ይወገዱልን» የሚል ጥያቄ ለማኅበሩ በተደጋጋሚ ቀርቧል። አቋማችን ግልጽ ነው፤ አንቀበለውም። የተመረዘ ውሃ ሳይሆን አይቀርም የምንለውን ነገር እዚያው ትቶ፣ ሌላ መርዝ በሥጋ ለውሶ በየመንገዱ መበተን ምን የሚሉት ጥበብ ነው? ማታ ማታ ጅቡን ከግቢያችን የሚከለክልልን፣ ማሽላው ሲያሸት ከዝንጀሮ ጋር የሚሟገትልን ማን ሆነና! ለዚህ ውለታው ፍርፋሪ እንጥልለታለን። ውሃ የሚሰጠው ግን ስንታችን ነን? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ብዙዎቻችን «ውሻ ውሃውን ራሱ ይፈልጋል» ብለን ትተነዋል።

ፈልጎ የሚያገኘው ደግሞ ይህንኑ ነው። አገራችን ቆላ ነው። ውሻ እንደ ሰው አልቦት አይቀዘቅዝም፤ ምላሱን አውጥቶ እያለከለከ ነው ሙቀቱን የሚያስወጣው፤ በዚያውም ብዙ ውሃ ያጣል። ሆርማት በክረምት ጎርፍ ሞልቶ ይወርዳል፤ ጎርፉ ሲያልፍ በአሸዋው ላይ ኩሬ ኩሬ ሆኖ ይቀራል። የጠማው ውሻ ከዚያ ይጠጣል፣ ጋራዥ በር ላይ ዘይት ከተንሳፈፈበትም ይጠጣል፣ ፓምፕ ከታጠበበትም ይጠጣል። አይመርጥም።

ለሰብል ተባይና ለከብት መዥገር ከምንጠቀምባቸው መድኃኒቶች መካከል እንደ ዳያዚኖን ያሉት የሚያጠቁት ነርቭን ነው። ከነርቭ ወደ ጡንቻ መልእክት አድርሶ ወዲያው መጥፋት የነበረበት ንጥረ ነገር ሳይጠፋ ይቀራል። በዚህ ምክንያት ጡንቻው ያለ ዕረፍት ይንቀጠቀጣል፣ ምራቅ ይዝረበረባል፣ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ የዓይኑ ብሌን ይጠባል፣ በመጨረሻም ትንፋሽ ያጥረዋል። ከሩቅ ለሚያየው ቁርጥ እብድ ውሻ ነው። በዓይን ብቻ አይቶ ይሄ ነው ያ ነው ማለት ስለማይቻል ሁለቱንም እንፍራ። ምራቁን በባዶ እጅ አትንኩ፤ ልጆችን አርቁ፤ ለእንስሳት ሐኪም ቶሎ ንገሩ። መርዝ ሆኖ በጊዜ ከተደረሰበት አትሮፒን የሚባል መርፌ አለ። እየተንቀጠቀጠ ያለን ውሻ ወተትና ዘይት መጋት ግን፣ ምንም በቅንነት ቢደረግ፣ ወደ ሳንባው ገብቶ ሊያንቀው ይችላል። የተነከሰ ሰው ካለ ደግሞ ክርክር አያስፈልግም፤ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

መርዝ ብቻም አይደለም። አይጥ የሸናበት የረጋ ውሃ ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለ በሽታ ያመጣል። ውሻው ያተኩሰዋል፣ ምግብ ይጠላል፣ አንዳንዴም ድዱና ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፤ በሰው ቢሆን የወፍ በሽታ ያዘው የምንለው ዓይነት። በሽታው በሰውም ይገባል። እግሩ የተላጠ ልጅ በዚያ ኩሬ ውስጥ ቢንቦጫረቅ ይበቃዋል።

የውሻ ውሃ የሰው ጉዳይ መሆኑን በአገራችን ከሁሉ በላይ ያሳየው የጋምቤላው ነገር ነው። ጊኒ ወርም የሚባለው ትል እ.ኤ.አ. በ1986 በዓለም ላይ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ይይዝ ነበር፤ በ2024 የተያዙት 15 ብቻ ናቸው። ሊጠፋ ሲል ግን በውሾች ውስጥ ተገኘ፤ እኛ አገር ደግሞ በዝንጀሮም ጭምር። ትሉ የሚገባው ከኩሬ ውሃ ጋር ነው። በውሃው ውስጥ ያሉ በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን ነፍሳት እጩን ይሸከማሉ፤ የጠጣቸው ውሻም ሆነ ሰው አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ እስከ አንድ ሜትር የሚረዝም ትል በቆዳው ቀዶ ይወጣበታል። መድኃኒትም ክትባትም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2017 በአገራችን 15 ሰዎች ተይዘው ነበር፤ ያልተጣራ ውሃ የጠጡ የእርሻ ሠራተኞች ናቸው። ከኛም ሰፈር ለቀን ሥራ ወደ ምዕራብ የሚወርድ ወጣት ስላለ ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ትሉ ቆቦ አለ ማለታችን አይደለም። ለማለት የፈለግነው፣ እነ አቦቦና ጎግ ወረዳዎች ውሻውን አልጨረሱትም። ከኩሬው እንዳይደርስ አሰሩት፣ ኩሬውን በኬሚካል አከሙት፣ የታመመ እንስሳ ለጠቆመ ሽልማት ተሰጠ። በ2023ም ሆነ በ2024 በኢትዮጵያ በዚህ ትል የተያዘ ሰው አልተመዘገበም።

የኛ ሥራ ከዚያ ይቀላል። የዘይት ጀሪካን በግማሽ ተቆርጦ ደጃፍ ጥላ ውስጥ ቢቀመጥ ጥሩ የውሻ መጠጫ ነው፤ የመድኃኒት ጀሪካን ግን፣ አሥር ጊዜም ቢታጠብ፣ አይሆንም። ውሃው በየቀኑ ይደፋ፤ አለበለዚያ ከውሻው ይልቅ የወባ ትንኝን ነው የምናጠጣው። የሚረጩ ወንድሞቻችን ደግሞ ፓምፑን ያለቀለቁበትን ውሃ ወደ ቦይም ወደ ጉድጓድም አይድፉ፤ መልሰው እዚያው የተረጨው ማሳ ላይ ይርጩት። ባዶውን ጠርሙስ ሦስት ጊዜ አለቅልቀው ይብሱት፤ የዘይትና የጋዝ መያዣ እንዲሆን ለጎረቤት አይስጡ። ጠርሙስ ለጠየቀች ጎረቤት እንቢ ማለት ያሳፍራል፤ እናውቃለን። ቢሆንም እንቢ ይበሉ።

በመጪው እሁድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ በቦዩ ዳር የተጣሉትን ጠርሙሶች እንለቅማለን፤ ጉድጓዷንም አፈር እንሞላለን። የተለቀመው ሁሉ የግብርና ባለሙያ አይቶ መፍትሔ እስኪሰጠው ድረስ ተቆልፎ ይቀመጣል። ጓንት ያለው ይዞ ይምጣ፤ የሌለው እጁን በፌስታል ይጠቅልል። ልጆች ግን አይምጡ።