መንገዱ ሳይፈተሽ ፓኬጅ አይደግ

ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ እኛ ዘንድ መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ሞደሙን አጥፍቶ ማብራት፣ እምቢ ካለ ፓኬጅ ማሳደግ። ችግሩ የት ነው ብሎ የሚጠይቅ ብዙም የለም። የቢሮ ኔትወርክ እየዘረጋሁና እየጠገንኩ የምተዳደር ሰው ነኝና፣ ደንበኞቼ ለማይጠቅማቸው ፍጥነት በየወሩ ሲከፍሉ ማየት ያንገበግበኛል። ፍተሻው እኮ በነፃ ነው፤ ትሬስራውት የሚባለው መሣሪያ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ "ትሬሰርት" በሚል ስም አብሮ ይመጣል።

መሣሪያውን ስቲቭ ዲሪንግ ሐሳቡን ጠቁሞ፣ ቫን ጃኮብሰን የሠራው በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ነው። ብልሃቱ ያስቀናል። ማንኛውም የዳታ ጥቅል ስንት ራውተር ማለፍ እንደሚፈቀድለት የሚወስን ቁጥር ይዞ ይወጣል። በየራውተሩ አንድ ይቀነስበታል፤ ዜሮ ሲደርስ ራውተሩ ጥቅሉን ይጥልና "ጊዜው አልቋል" ብሎ ለላኪው ይመልሳል። ቁጥሩ የተፈለገው መንገድ የጠፋው ጥቅል ዕድሜ ልኩን እንዳይዞር ነበር። ጃኮብሰን ለምርመራ አዋለው፤ መጀመሪያ 1፣ ቀጥሎ 2፣ ከዚያ 3 እያሉ ሲልኩ በመንገዱ ላይ ያሉት ራውተሮች ተራ በተራ ይጋለጣሉ። ጉዳይ ይዞ በየመሥሪያ ቤቱ የተመላለሰ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ ፋይሉ የማን ጠረጴዛ ላይ እንደተኛ ማወቅ የጉዳዩ ግማሽ ነው።

ቦሌ አካባቢ ያለ አንድ የሒሳብ ሥራ ቢሮ ፓኬጁን በእጥፍ ሊያሳድግ ቅጽ ሞልቶ ጠበቀኝ። ከሥራ አስኪያጁ ላፕቶፕ ላይ ፈተሽኩት። የመጀመሪያው መስመር፣ ማለትም እዚያው ክፍል ያለው የራሳቸው ራውተር፣ 192.168.1.1፣ መልስ ለመስጠት አንዴ 3፣ አንዴ 280፣ አንዴ 410 ሚሊሰከንድ ይላል። ዳታው ገና ከበሩ አልወጣም! ራውተሩን ስፈልግ የዋይፋዩን ሲግናል ከሚያፍን የብረት የፋይል ቁምሳጥን ጀርባ ተወሽቆ አገኘሁት። "አቧራ እንዳይነካው ብዬ እኮ ነው" አለች ጸሐፊዋ። አውጥተን ግድግዳ ላይ ሰቀልነው፤ ቅጹም ተቀደደ።

ታዲያ ውጤቱን አነባበቡም ዕውቀት ይጠይቃል። በመልስ ፈንታ ኮከብ ምልክት (*) ያየ ሁሉ "መስመሩ ተቆርጧል" እያለ ይጮኻል። ብዙ ራውተሮች ለእንዲህ ያለው ጥያቄ እንዳይመልሱ ተደርገው የተዘጋጁ ናቸው፤ ከኮከቡ በኋላ ያሉት መስመሮች ከመለሱ ዳታው አልፏል ማለት ነው። መሐል ላይ አንዱ 300 ብሎ ቀጣዮቹ 140 ካሉም ችግር የለም፤ ያ ራውተር ዳታ ማሳለፉን አስቀድሞ ለእኛ መልስ መስጠቱን አዘግይቷል። የሚያሳስበው ከአንድ መስመር ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሳይወርድ የሚዘልቅ መዘግየት ነው።

ለመዘግየት ርቀትም ምክንያት ይሆናል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። እኛ ደግሞ ባሕር በር የለንም፤ የባሕር ውስጥ ኬብል ላይ የምንደርሰው በጅቡቲና በሌሎች ጎረቤቶች በኩል ነው። ስለዚህ አውሮፓ ያለ ሰርቨር ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ቢወስድ ማንንም አያስከስስም። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ቀይ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ሲቆረጡ እንደደረሰው ዓይነት ጉዳት ቢደርስ ደግሞ፣ ሞደም ማጥፋትና ማብራት ምን ሊፈይድ?

ችግሩ የት እንደሆነ ባለመፈለግ ግን የአገልግሎት ሰጪዎች ጥፋት ከደንበኛው ይብሳል። አንዱ ዘንድ ደውዬ መዘግየቱ ከእነሱ አራተኛ ራውተር እንደሚጀምር ቁጥሩን እየጠራሁ ነገርኳቸው። መልሱ "ሞደሙን አጥፍተው አብርተውታል?" ነበር። ስልኩን ያነሳችው ልጅ የተሰጣትን ጽሑፍ ነው የምታነበው፤ አልፈርድባትም። ጽሑፉን ባዘጋጁት ግን እፈርዳለሁ። የደንበኛን የፍተሻ ውጤት ተቀብሎ ለቴክኒክ ክፍል የሚያስተላልፍ አንድ የኢሜይል ወይም የቴሌግራም አድራሻ መክፈት ምንም አይከብድም፤ ይክፈቱ።

እርስዎም ኢንተርኔትዎ ደኅና በሆነበት ቀን አንዴ ፈትሸው ውጤቱን ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። የተበላሸ ዕለት የሚያመሳክሩት ይኖርዎታል።