ቁጣ ወይስ ትዕግሥት? የሜፕል ሊፍስ የተሳሳተ ክርክር

የሜፕል ሊፍስ የውድድር ዘመን ባከተመ ቁጥር በቶሮንቶ አንድ ክርክር ያገረሻል፦ ለዚህ ቡድን የሚበጀው ቆፍጣና አሠልጣኝ ነው ወይስ ተጫዋቹን በትዕግሥት የሚይዝ? የስታንሊን ዋንጫ ለመጨረሻ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1967 ያነሣ ክለብ ደጋፊ ጥፋተኛ ቢፈልግ አያስገርምም። ጥያቄው ግን ከሥሩ የተጣመመ ነው። ቁጣም ሆነ ትዕግሥት የሚሠራው በመልበሻ ክፍሉ ውስጥ መተማመን እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ ይህን መተማመን ደግሞ አሠልጣኝ በአንድ ቀን ሊንደው ይችላል።

ማይክ ባብኮክ በ2015 ቶሮንቶ ሲደርስ ዝናው ቀድሞት ነበር። ዲትሮይትን በ2008 ለዋንጫ አብቅቷል፤ ካናዳን በ2010 እና በ2014 ለኦሊምፒክ ወርቅ መርቷል። የተሰጠው የስምንት ዓመት ውልም 50 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል። ይህ ሰው በ2016–17 ገና የ19 ዓመት ጀማሪ የነበረውን ሚች ማርነርን የቡድን ጓደኞቹን በሥራ ትጋታቸው ከላይ እስከ ታች በደረጃ እንዲጽፍ አዘዘው። ልጁም የአለቃው ትእዛዝ ነውና ጻፈ። ከዝርዝሩ ግርጌ የተቀመጡት ተጫዋቾች ነገሩን ሰሙ፤ የነገራቸውም አሠልጣኙ ራሱ ነበር። ጉዳዩ ለሕዝብ የወጣው ባብኮክ በኅዳር 2019 ከተሰናበተ በኋላ ሲሆን፣ እርሱም ድርጊቱን አልካደም፤ ማርነርን በጊዜው ይቅርታ መጠየቁን ተናገረ።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ግምገማ ነው። ታናሹ ስለ ታላቁ፣ ባልደረባው ስለ ባልደረባው እንዲናገር ይደረጋል፤ የተናገረውም ዞሮ ለአለቃ መሣሪያ ይሆናል። በመሥሪያ ቤት አዳራሽ ያለፈበት ሰው ከዚያ በኋላ በሻይ ሰዓት ወሬው እንዴት እንደሚያጥር ያውቃል።

በበረዶ ሆኪ የዚህ ጉዳት ከሌላው ጨዋታ ይብሳል። ሦስት አጥቂዎችና ሁለት ተከላካዮች ለአንድ ደቂቃ ያህል፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ ላነሰ፣ በሙሉ ኃይላቸው ይጫወቱና ጨዋታው ሳይቆም በሌሎች ይተካሉ። ኳሷን የተካችው ጠፍጣፋ ጎማ የምትላከው ጓደኛ ወዳለበት ሳይሆን ወደሚደርስበት ቦታ ነው። ቀና ብሎ ለማረጋገጥ ጊዜ የለም። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን መናበብ የሚሉት ይኸው ነው፤ ስለ ጓደኛው በምስጢር የጻፈ ልጅና የተጻፈበት ሰው ደግሞ እንደ ልብ ሊናበቡ አይችሉም።

የባብኮክ ጠበቆች ቡድኑ በ2017–18 በዘመኑ የክለቡ ክብረ ወሰን የነበረውን 105 ነጥብ ማግኘቱን ያነሣሉ። እውነት ነው። በ2018 እና በ2019 ግን ሁለቴም በቦስተን በሰባተኛው ጨዋታ ተሰናበተ፤ በቀጣዩ መኸር ስድስት ተከታታይ ሽንፈት ደረሰበትና አሠልጣኙ ተባረረ። በ2023 ኮለምበስ ሲቀጥረው ተጫዋቾች በስልካቸው ያለውን ፎቶ እንዲያሳዩት መጠየቁ ተሰማ፤ አንድም ጨዋታ ሳይመራ በመስከረም ሥራውን ለቀቀ። የሰውን ጓዳ መበርበር ጥብቅነት ተብሎ የሚወደስበት ምክንያት የለም።

ተከታዩ ሼልደን ኪፍ ለዘብ ያለ ነው ተባለ። በ2023 ታምፓ ቤይን አሸንፎ ከ2004 ወዲህ የመጀመሪያውን የጥሎ ማለፍ ዙር ድል አመጣ፤ በ2021 ግን ሞንትሪያልን 3 ለ 1 እየመራ ተሸንፎ ነበር፤ በ2024 ደግሞ በቦስተን በሰባተኛው ጨዋታ ተጨማሪ ሰዓት ተሸነፈና ተሰናበተ። ሴንት ሉዊስን በ2019 ከሊጉ ግርጌ አንሥቶ ለዋንጫ ያበቃው ክሬግ በሩቤ ተተካ። ቆፍጣና ነው፤ ነገር ግን የሚናገረውን ፊት ለፊት በመናገር ይታወቃል፤ ከባብኮክ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ቡድኑ 108 ነጥብ አግኝቶ ምድቡን መራ። ፍሎሪዳን 2 ለ 0 ከመራ በኋላ ግን አምስተኛውንና ሰባተኛውን ጨዋታ በገዛ ሜዳው፣ ሁለቱንም 6 ለ 1 ተሸነፈ።

ሦስት ጠባይ፣ አንድ መጨረሻ። በእነዚህ ዓመታት ያልተለወጠው የቡድኑ አወቃቀር ነበር። በ2019–20 ማቲውስ፣ ታቫሬስ፣ ማርነርና ኒላንደር ለመላው ቡድን ከተፈቀደው 81.5 ሚሊዮን ዶላር የደመወዝ ጣሪያ ግማሽ ያህሉን ይወስዱ ነበር፤ የቀሩት በተረፈው ተሰባሰቡ። አራት ሰው ዋንጫ እንዲያመጣ፣ ሌላው እንዲያግዝ ተብሎ በተሠራ ቡድን ውስጥ አራቱ ዝም ሲሉ ማን ይናገራል? ይህን አሠልጣኝ አልወሰነም። የወሰነው አስተዳደሩ ነው፤ ሦስቱንም አሠልጣኞች የቀጠረው ክለብ ፕሬዚዳንት ብሬንዳን ሻናሃን የተሰናበተው ግን በግንቦት 2025፣ ሁለቱ አሠልጣኞች ከተባረሩ ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው።

ማርነርም በዚያው ዓመት ወደ ላስ ቬጋስ ሄደ። የቶሮንቶ አካባቢ ልጅ ነው፤ ለከተማው ክለብ ዘጠኝ የውድድር ዘመን ተጫውቷል። በመጨረሻዎቹ ጨዋታዎች ሲጮኹበት ከነበሩት መካከል ያንን ዝርዝር ያስታወሱ ጥቂቶች ነበሩ።