የተጣደፈ ትምህርት ውሸት ያስተምራል

ወጣቶች ሆይ፤ ብዙ መጀመርን እንደ ብዙ ማወቅ የሚቈጥር መምህር ተማሪዎቹን ያታልላል። ይህን የምለው በሌላው ልፈርድ ሳይሆን ራሴ ስለ በደልሁ ነው።

በሸዋ ሮቢት ፊዚክስ ሳስተምር፣ መጽሐፉን ለመጨረስ ስል በአንድ ሳምንት ሦስት ሙከራ አሠራ ነበር። አንድ ቀን ውሃ አፍልተን ሙቀቱን ለካን። ሁሉም በጥድፊያ ቴርሞሜትሩን ሳያዩ፣ መጽሐፉ እንዳለው «100 ዲግሪ» ብለው ጻፉ። አንዲት ልጅ ብቻ «96» አለች። እኔም ለመቶ ባዮቹ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼ የእርሷን በቀይ ሰረዝሁባት።

ዳሩ ግን እውነተኛዋ እርሷ ነበረች። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1280 ሜትር ገደማ ነውና የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ያንሳል፤ ስለዚህ ውሃው በ96 ገደማ ይፈላል። ከ2800 ሜትር በላይ ባለችው በደብረ ብርሃንማ በ91 ገደማ ነው።

«ፈተናው ከመጽሐፉ ሁሉ ይመጣል» የሚሉኝ አሉ፤ እውነት ነው። እንግዲያው ብዙውን መምህሩ በጠረጴዛው ላይ ያሳይ፤ ጥቂቱን ግን ተማሪው በገዛ እጁ ይሥራ፣ ይድገም፣ ከመጽሐፉ የተለየ ቢያገኝ ምክንያቱን ይመርምር። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ ቴሌቪዥን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ ብዙ አሳየን፤ በመስኮት የሚታይ ሙከራ ግን እጅን አያስለምድም።

የይፋት ገበሬ አርሞ ከማይዘልቀው በላይ ማሽላ አይዘራም። መጽሐፍን አለመጨረስ ጉድለት ነው፤ በዓይን ያዩትን መካድ መማር ግን ጥፋት ነው።