የእድር ድንኳን በሦስት ሰው ይገዛል፤ የከተማ ሥራስ?



እድራችን ድንኳን ሲገዛ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ሦስት ሰው ይመረጣል፤ ገበያ ወርደው ሸራውን በእጃቸው ዳስሰው፣ ከሦስት አራት ሱቅ ዋጋ ጠይቀው ይመለሳሉ። በስብሰባ ቀን የቱ በስንት እንደተገኘና ለምን እንደተመረጠ ተነግሮ በመዝገብ ይጻፋል። ደረሰኙን ያላዩ እናት ቢኖሩ ተነሥተው «እስቲ አሳዩኝ» ይላሉ፤ ማንም አይቆጣቸውም። ለአንድ ድንኳን ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ ብዙ የሕዝብ ገንዘብ ለሚፈስበት የቦይና የኮብልስቶን ሥራ «ተሰጥቷል፣ አለቀ» ስንባል እንዴት ዝም እንላለን?

ነገሩን ያነሣሁት በውስጥ መንገዳችን የሆነውን አይተን ስለሰነበትን ነው። ቦዩ በግንቦት ተቆፈረ። ማን እንደወሰደው፣ በስንት ብር እንደተዋዋለ የነገረን የለም። ሐምሌ ሲገባ ክዳኑ ተሰነጠቀ፤ ጎርፉም ቤታችን ገባ። ሄደን ብንጠይቅ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሰደደን፤ በመጨረሻ «ሥራው አስቸኳይ ስለነበር በፕሮፎርማ ነው የተሰጠው» ተባልን። ለመሆኑ ክረምት በየዓመቱ እንደሚመጣ የማያውቅ ማነው? ሥራውን አስቸኳይ ያደረገው ዝናቡ ሳይሆን፣ በመስከረም መታቀድ የነበረበትን እስከ ግንቦት ያስተኛው ሰው ነው።

ሕግ ጎደለን የሚል ካለ፣ አልጎደለም። በፌዴራሉ የግዥ ሕግ፣ በ2001 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 649ም ሆነ እሱን በተካው የ2016ቱ ቁጥር 1333፣ መነሻው ግልጽ ጨረታ ነው። ክልሎችም የየራሳቸው የግዥ ሕግ አላቸው። ውስን ጨረታ፣ ፕሮፎርማና ከአንድ አቅራቢ መግዛት በቂ ምክንያት ሲኖር ብቻ የሚገባባቸው የጎን በሮች ናቸው። እኛ ዘንድ ግን ሰው ሁሉ በጎን በር እየገባ ዋናው በር ዝጓል።

ዘዴውንም እንወቀው። አንደኛው መቆራረጥ ነው፤ አንዱ መንገድ አራት ቦታ ይከፈልና እያንዳንዱ ቁራጭ ለጨረታ ከተወሰነው ገንዘብ በታች ይሆናል። ይህ ደግሞ በሕግ የተከለከለ ነው። ሁለተኛው ሦስት ፕሮፎርማ ከአንድ ኪስ ማውጣት ነው፤ ማኅተሙ ሦስት፣ ባለቤቱ አንድ! ሦስተኛው መስፈርቱን በአንድ ሰው ልክ መስፋት ነው፤ «ይህን ዓይነት ማሽን ያለው፣ ይህን ያህል ዓመት የሠራ» ተብሎ ሲጻፍ የቀረው ስሙ ብቻ ነው። ተቆጣጣሪ ቢመጣ ፋይሉ ሙሉ ነው። ቦዩ ግን ተሰንጥቋል።

«ጨረታ ዋጋ ለሰበረ ሁሉ ነው» ይሉናል። እውነትነት አለው፤ ዋጋ ሰብሮ ገብቶ ግማሽ ላይ ሲደርስ «ሲሚንቶ ተወደደ፣ ጨምሩልኝ» የሚል ተቋራጭ አይጠፋም። መድኃኒቱ ግን ጨረታን መተው አይደለም፤ የመሐንዲስ ግምት አስቀድሞ ማዘጋጀትና ከዚያ እጅግ የወረደ ዋጋ ያቀረበውን «በምን ትሠራዋለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። «ለሰፈር ወጣቶች ሥራ ለመስጠት ነው» የሚሉም አሉ። ልጆቻችን ሥራ እንዲያገኙ ከማንም በፊት የምንሻው እኛ ነን። ሕጉም ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የተለየ አስተያየት ያደርጋል። ታዲያ ዕድሉ ለተደራጁት ሁሉ በግልጽ ይነገር እንጂ፣ አጎት ያለው እየተጠራ፣ አጎት የሌለው መዶሻውን ይዞ ጥግ ላይ አይቁም!

ጉዳዩ የሰፈር ብቻም አይደለም። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የፌዴራሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ሜቴክ ከውጭ አገር የ37 ቢሊዮን ብር ግዥ ያለ ጨረታ ፈጽሟል ብሎ በአደባባይ ተናገረ። በከተማችን ክሱን «ፖለቲካ ነው» ያለው ሰው ብዙ ነበር። ያን ክርክር እዚህ አንፈታውም። ነገር ግን ልብ እንበል፦ ጨረታ በአደባባይ ተከፍቶ፣ የተወዳዳሪዎች ዋጋ ተነቦ፣ ሰነዱ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ፣ አጥፊው የሚክድበት፣ ንጹሑም የሚታማበት ቀዳዳ ባልኖረ ነበር። ጨረታ ሐቀኛውን ሹምም ይጠብቀዋል እኮ!

ዛሬ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 የዘለቀው ጦርነት ያፈረሰው ገና ተጠግኖ አላለቀም። ውኃ ከቦቴ በጀሪካን ለሚገዛ ሰው፣ የባከነ ብር ከጀሪካኑ እንደፈሰሰ ውኃ ነው። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይባላል። «የኛ ሰው አገኘው» ብሎ የሚደሰት ጎረቤት እየላሰ መሆኑን ይወቅ። መቀሌ በጨው ንግድ የኖረች ከተማ ናት፤ ይህን ተረት ከኛ በላይ ማን ሊረዳው?

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው፦

1. በሰፈራችን የሚሠራ ማናቸውም ሥራ የጨረታ ማስታወቂያው በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።
2. ሰነዱ ሲከፈት ሁለት የነዋሪ ታዛቢዎች ይገኙ።
3. ያሸነፈው ማን፣ በስንት፣ ለምን እንደሆነ፣ ጨረታ ካልነበረም ለምን እንዳልነበረ በጽሑፍ ይነገረን።
4. የተቋራጩ መያዣ ገንዘብ ሥራው አንድ ክረምት ችሎ ሳይታይ አይለቀቅ፤ በርክክቡም ቀን ነዋሪው ይጠራ።

ከዚህ ውስጥ ገንዘብ የሚያስወጣ አንድም የለም፤ ወረቀትና ሙጫ ብቻ ነው። በሚቀጥለው የማኅበራችን ስብሰባ ሁላችንም ተገኝተን ጥያቄውን በፊርማችን እናጽና። እቤት ተቀምጦ ማማት ቦይ አይጠግንም።

መዋጮ ስንጠየቅ፣ እኛም ሰነድ እንጠይቅ!

ከማኅበሩ አባላት አንዱ